ጄምስ ስፓንግለር፣ አቧራ መምጠጫን የሠራው ጠራጊ

ስለ ኤዲሰን፣ ስለ ማርኮኒና ስለ ራይት ወንድማማቾች ያልሰማ ተማሪ የለም። የጄምስ መሪ ስፓንግለር ስም ግን፣ ምንም እንኳ የሠራው መኪና በብዙ አገር ቤት ለቤት ገብቶ ሥጋጃ የሚያጸዳ ቢሆን፣ የሥራውን ያህል አይጠራም። የዚህን ሰው ሕይወት በዘንድሮው መጽሔታችን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የቤት ጕዳይ ነው። ይኸውም በደሴና በኮምቦልቻ ውሻ የሚያሳድጉ ቤተ ሰቦች፣ በሥጋጃውና በሶፋው ላይ የሚረግፈውን ጠጕር ለማንሣት የትኛውን የአቧራ መምጠጫ መኪና እንግዛ ብለው ሲጨነቁ መስማታችን ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። በቤቱ ውስጥ አስም ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብም ይከብዳል። ስፓንግለርም ይህን መኪና ሊሠራ የተነሣው ሀብት ፍለጋ ብቻ ሳይሆን፣ እስትንፋስ አጥሮት ስለ ነበረ፣ ታሪኩ ለጥያቄያችን ከሻጭ ምክር ይልቅ ይጠቅማል።

ስፓንግለር የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1848 ዓ.ም.፣ በእኛ በ1841 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ ነው። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ዘውድ አልጫኑም ነበር። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ ነው ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ያደገው በኦሃዮ ነው። ኦሃዮ ስንዴና ድርቆሽ በብዛት የሚታጨድበት የእርሻ አገር ስለ ሆነ፣ በዚያ ዘመን የፈጠራ ስጦታ ያለው ወጣት ዐይኑን የሚጥለው በእርሻ መሣሪያ ላይ ነበር።

ስፓንግለርም እንዲሁ አደረገ። በ1887 ለእህል ማጨጃ መኪና የፈጠራ መብት ተቀበለ። በ1893 ደግሞ የታጨደውን ሣር እንዲደርቅ እያገላበጠ የሚበትን፣ ከደረቀም በኋላ የሚሰበስብ አንድ መሣሪያ አወጣ። በ1897 በእግር እየተረገጠ የሚሄድ ጋሪ ፈጠረና ጋሪውን ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ አቋቋመ፤ ኩባንያው ግን ብዙ ሳይቈይ ወደቀ። ስለዚህ ሰውዬው በወረቀት ሦስት መብት ነበረው፤ በኪሱ ግን ምንም አልነበረውም።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን የሕይወቱን ክፍል በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛ ግን እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባል እንላለን። ያ ሣር አገላባጭ መሣሪያ፣ በእኛ አስተያየት፣ ኋላ ለመጣው የአቧራ መምጠጫ ታላቅ ወንድሙ ነው። በመሬት ላይ የተኛ ሣር በነፋስ ብቻ አይነሣም፤ ጥርስ ያለው ነገር እየዞረ ከሥሩ ሊያነሣው ያስፈልጋል። ይህን በሜዳ ላይ የተማረ ሰው፣ ከ14 ዓመት በኋላ በመደብር ውስጥ ሥጋጃ እንዲጠርግ ቢታዘዝ፣ ሥጋጃውን እንደ ሣር ሜዳ ቢያየው አያስደንቅም።

በ1907 ስፓንግለር ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቶ ነበር። ሚስትና ልጆች አሉት፤ ዕዳም አልጠፋም። በዚህ ዕድሜው በካንተን ከተማ፣ ዞሊንገር በሚባል ትልቅ የሸቀጥ መደብር ውስጥ በጠራጊነት ተቀጠረ። መደብሩ ወለሉ ሁሉ ሥጋጃ ነበር። ጠራጊው የሚጠቀምበትም መሣሪያ በእጅ የሚገፋና ከሥሩ ቡሩሽ የሚዞርበት የሥጋጃ መጥረጊያ ነው። ይህ ዐይነቱ መጥረጊያ ከ1876 ጀምሮ በአሜሪካ ቢሴል በሚባል ሰው ስም የታወቀ ነበር። መጥረጊያው ፍርፋሪውን ይሰበስባል፤ ደቃቁን አቧራ ግን ወደ አየር ያስነሣዋል። ስፓንግለር ደግሞ አስም ነበረበት።

እንግዲህ የሰውዬውን ሁኔታ አንባቢ ይገምት። ሥራውን ቢተው ቤተ ሰቡ የሚበላው ያጣል፤ ሥራውን ቢቀጥል ሌሊቱን ሲያስል ያድራል። በመጋቢትና በሚያዝያ በደሴ የአቧራ ነፋስ ሲነሣ አስም ያለበትን ሰው በቅርብ ያየ ሁሉ፣ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ኦሃዮ መሄድ አያሻውም። ስፓንግለርም የሚያስለው ከመጥረጊያው በሚነሣው አቧራ ምክንያት እንደ ሆነ ጠረጠረ፤ መጠርጠር ብቻም ሳይሆን መድኃኒቱን በገዛ እጁ ለመሥራት ተነሣ።

በዚያን ጊዜ አቧራን በአየር መሳብ ፈጽሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1901 አቧራን የሚስብ ታላቅ መኪና በለንደን ሠርቶ ነበር። ስለ ቡዝ የሚነገር አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ሐሳቡ እውነት መሆኑን ለመፈተን በአንድ ምግብ ቤት ወንበር ላይ መሐረቡን ዘርግቶ፣ አፉን ገጥሞ አየሩን ሳበ፤ ሊታፈን ጥቂት ቀርቶት እያሳለ መሐረቡን ቢገለብጠው ከበስተ ጀርባው አቧራ ተጠርቅሞ አገኘ። የቡዝ መኪና ግን በፈረስ ጋሪ የሚጐተት ስለ ነበረ ወደ ቤት አይገባም። በደጅ ይቆምና ረጃጅም ቱቦዎቹ በመስኮት ይገባሉ። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንን ሥጋጃ ያጸዳው ይኸው መኪና ነው። በዚያ ዓመት ለዚሁ በዓል ከኢትዮጵያ ተልከው ወደ ለንደን የተጓዙት ራስ መኰንን ነበሩ።

ስፓንግለር ግን ንጉሥም መሐንዲስም አልነበረም። ያገኘውን ሰበሰበ። እንደሚነገረው ከኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሞተር ወሰደ፤ ሞተሩን በሳሙና ሣጥን ውስጥ አስቀመጠ፤ በሣጥኑ ላይ የመጥረጊያ እጀታ ተከለ፤ አቧራው የሚጠራቀምበት ከረጢት ሲያጣም የትራስ ልብስ ከኋላው አሰረ። መልኩ የሚያስቅ ነበር። ነገር ግን በዚህ አስቂኝ ሣጥን ውስጥ ቡዝ ያላሰበው አንድ ነገር ነበረበት፤ ያው ሞተር ማራገቢያውን ሲያዞር፣ በቺንጋ አማካይነት ከፊት ለፊት የተተከለውንም ቡሩሽ ያዞር ነበር። ቡሩሹ ከሥጋጃው ሥር የተጣበቀውን ያነሣል፤ አየሩም የተነሣውን ይወስዳል። መብቱን ለማግኘት በ1907 አመለከተ፤ ሰኔ 2 ቀን 1908፣ በእኛ ግንቦት 25 ቀን 1900 ዓ.ም.፣ ቍጥሩ 889,823 የሆነ የፈጠራ መብት ተሰጠው። በዚያው ዓመት ደሴ የራስ ሚካኤል ከተማ ነበረች።

የወሎ ልጅ የሆነ ሁሉ ይህን ብልሃት ለመረዳት አይቸገርም፤ በአውድማ ላይ አይቶታልና። ነፋስ ምንም ያህል ቢነፍስ፣ ተከምሮ የተኛውን ምርት ከእብቁ አይለየውም። ገበሬው በመንሹና በላይዳው ወደ ላይ ሲያነሣው ግን ነፋሱ እብቁን ለብቻው ይወስደዋል። የስፓንግለር ቡሩሽ መንሹ ነው፤ ማራገቢያው ነፋሱ ነው። ነፋስ ብቻ የሚሸጥልን ነጋዴ ግማሹን መሣሪያ ሸጠልን ማለት ነው።

አሁን ወደ ውሻችን እንምጣ። ውሻ በደሴና በኮምቦልቻ ብዙውን ጊዜ የግቢ ጠባቂ ነው። በሃይማኖትም በልማድም ምክንያት በብዙ ቤት ከደጃፍ አያልፍም። ይሁን እንጂ ጠጕሩ ከልጆች ልብስና ከጫማ ጋር ይገባል፤ በደሴ የክረምት ብርድም አዝኖለት ውሻውን ወደ ውስጥ የሚያስገባ አይጠፋም። በተለይ ጀርመን ሸፐርድ የሚባለው ውሻ ወይም ከእርሱ የተዳቀለው ሁለት ዐይነት ጠጕር ለብሷል፤ ከላይ ረጅምና ጠንካራ፣ ከሥር አጭርና እንደ ባዘቶ የለሰለሰ። የሥሩ ጠጕር ሲረግፍ በሥጋጃው ክር ውስጥ ይጠላለፋል። በዚያ ሶፋ ላይ ነጭ ነጠላ ለብሳ የተቀመጠች እንግዳ ስትነሣ ነጠላዋ ሸማኔው ያላሰበውን ጥለት አውጥቶ ይገኛል።

ለአስም የሚያሰጋው ግን ዐይን የሚያየው ጠጕር አይደለም። ከውሻው ቈዳ የሚረግፈው እንደ ዱቄት የደቀቀ ፎረፎርና በጠጕሩ ላይ የደረቀው ምራቅ ነው። ይህ ነገር እጅግ ቀላል ስለ ሆነ በአየር ላይ ለረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል፤ በግድግዳና በመጋረጃም ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ጠጕሩን አንሥቶ ደቃቁን አቧራ ከበስተ ኋላው የሚተፋ መኪና፣ ስፓንግለርን ካሳለው መጥረጊያ አይሻልም። የትራስ ልብሱም ቢሆን በዚህ በኩል ደካማ ነበር፤ በጨርቅ ቀዳዳ ደቃቁ ያመልጣልና። ዛሬ ሄፓ የሚባል ማጣሪያ አለ፤ ከ1940ዎቹ የአቶም ምርምር የመጣ ሲሆን፣ በአሜሪካ መለኪያ መጠናቸው የአንድ ሚሊሜትር 3 አሥር ሺኛ ከሆነ ብናኞች መካከል 99.97 በመቶውን ይይዛል። በቤቱ ውስጥ አስም ያለበት ካለ ያለዚህ ማጣሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው እንላለን። ማጣሪያው ብቻም ሳይሆን የመኪናው ክዳንና መጋጠሚያ አየር የማያሾልክ መሆን አለበት፤ በጠባቡ በር ዘብ አቁሞ በአጥሩ ቀዳዳ ሌባ ማሳለፍ እንዳይሆን።

ከረጢት ያለውና ከረጢት የሌለው መኪና የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙ ነው። ከረጢት የሌለው የሚሰበስበውን በብርጭቆ በሚመስል ዕቃ ስለሚያጠራቅም ወጪ የለበትም፤ ነገር ግን ዕቃው ሲደፋ አቧራው ተመልሶ በደፊው ፊት ላይ ይነሣል። ለአስመኛ ቤት የወረቀት ከረጢቱ ይሻላል፤ እንደ ታሰረ ይጣላልና። ሆኖም ከረጢቱ በከተማችን ሱቆች መኖሩን ሳያረጋግጡ መኪናውን መግዛት አይገባም። ከረጢት ያለቀበት መኪና የቤት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ስፓንግለር መብቱን ከተቀበለ በኋላ ኩባንያ አቋቋመ። እንደሚነገረው ወንድ ልጁ መኪናውን በመገጣጠም፣ ሴት ልጁ ከረጢቱን በማዘጋጀት ይረዱት ነበር። ነገር ግን በሳምንት የሚወጣው ሁለት ወይም ሦስት መኪና ብቻ ነበር፤ ገንዘቡም እያለቀ ሄደ። ያለፉት ሦስት ሥራዎቹ በወደቁበት መንገድ ይኸኛውም ሊወድቅ ነበር። የዳነው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ሱዛን ሁቨር የተባለች ወይዘሮ መኪናውን በቤቷ አይታ ሞከረችው፤ በጣምም ወደደችው። ይህንንም ለባሏ ለዊልያም ሁቨር ነገረችው።

ዊልያም ሁቨር በዚያው በካንተን አጠገብ፣ በዚያን ጊዜ ኒው በርሊን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኮርቻና የፈረስ ዕቃ የሚያሠራ የቈዳ ፋብሪካ ነበረው። በፈረስ የታወቀ አገር የወሎ ሰው የኮርቻ ሠሪን ክብር ያውቃል። ነገር ግን በ1908 አውቶሞቢል በአሜሪካ መንገዶች እየበዛ ሄዶ ነበር፤ ሁቨርም ፈረስ ከመንገድ ሲወጣ ኮርቻውም አብሮ እንደሚወጣ ስለ ገባው አዲስ ሥራ ይፈልግ ነበር። በነሐሴ 1908 የስፓንግለርን መብት ገዛ። ስፓንግለርንም አላሰናበተውም፤ በፋብሪካው ውስጥ የሥራው ተቈጣጣሪ አደረገው፤ ከሚሸጠውም መኪና ድርሻ እንዲከፈለው ተዋዋለ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች ሁቨር የድኻውን ሐሳብ ነጠቀው ይላሉ። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበልም። ገንዘብ የሌለው ፈጣሪ ሥራው በሣጥን ውስጥ ሞቶ ከሚቀር፣ ስሙ ቀርቶ እንጀራው ቢቀጥል ይሻለው ነበር፤ ስፓንግለርም የመረጠው ይህንን ነው። እውነት ነው፣ ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ መኪናው ሁቨር ተባለ፤ በእንግሊዝ አገርም ዛሬ ድረስ ሥጋጃ ማጽዳትን ራሱን በዚያ በኮርቻ ሠሪው ስም ይጠሩታል። የጠራጊውን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሁቨር በንግዱ ብልኅ ነበር። የመጀመሪያው መኪና 18 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ዋጋውም 60 ዶላር ነበረ፤ ይህም ከአንድ ተራ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሰው ሳያየው እንደማይገዛ ስላወቀ፣ በ1908 መጨረሻ በአንድ ታላቅ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ ማንም ሰው መኪናውን 10 ቀን በቤቱ በነፃ እንዲሞክር ፈቀደ። ለጠየቁትም መኪናውን በየከተማቸው ባለ ሱቅ በኩል ላከላቸው፤ ባለ ሱቆቹም በዚሁ ወኪሎቹ ሆኑ። በየቤታችን የሚገዙ ወላጆችም ይህን ልማድ ከሻጩ ቢጠይቁ መልካም ነው። አሥር ቀን ይቅርና አሥር ደቂቃ ቢያስሞክር በቂ ነው። ሻጩ በወለሉ ላይ በትኖ የሚያሳየውን ዱቄት ግን ማየት አያስፈልግም፤ ዱቄት ማንም መኪና ያነሣዋል። ጠጕር የተጠላለፈበት አሮጌ ምንጣፍ ይዞ ሄዶ በእርሱ ላይ መፈተን ነው።

ከፈተናው በፊት ደግሞ መኪናውን ገልብጦ ማየት ይገባል። ከሥሩ የሚዞር ቡሩሽ አለውን? ቡሩሹን የሚያዞረው ምንድር ነው? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በእኛ አገር ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱንም በፊዚክስ ትምህርት የተማርነው ይገልጸዋል። መኪናው አቧራ ይስባል ስንል፣ በእውነቱ የሚገፋው የውጭው አየር ነው። ማራገቢያው በውስጥ ያለውን አየር ሲያሳሳው የውጭው አየር ወደዚያ ይሮጣል፤ በመንገዱም አቧራውን ይዞ ይገባል። የውጭው አየር ራሱ የሳሳ ከሆነ ግን ግፊቱ ይደክማል። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች 81 ገደማ ይሆናል፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ስለምትደርስ 75 ገደማ ነው። እንግዲህ በሣጥኑ ላይ 20 ኪሎፓስካል ይስባል ተብሎ የተጻፈበት መኪና፣ ደሴ ላይ ሲሠራ ከ15 ብዙም አይበልጥም። ሠሪው አልዋሸም፤ የለካው በቈላ ነው።

ቡሩሹስ? በሞተር የሚዞር ከሆነ ከፍታው አያሳስበውም፤ ደሴም ኮምቦልቻም አንድ ነው። ነገር ግን በገበያ ላይ ቡሩሻቸው ሞተር የሌለው፣ በሚሳበው አየር ብቻ የሚዞር መኪናዎች አሉ። እነዚህ ርካሽ ናቸው፤ አየሩ ሲሳሳ ግን ቡሩሹም አብሮ ይደክማል፤ በወፍራም ሥጋጃ ላይ ሲገፋም ይቆማል። ለደሴ ቤት በሞተር የሚዞረውን መምረጥ ይገባል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ምርጫው በመሠረቱ የስፓንግለር ምርጫ ነው።

በሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዋት ቍጥርም ብዙ ሰው ያታልላል። ዋት መኪናው የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሠራውን ሥራ አይናገርም። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ከ1,600 ዋት በላይ የሆነውን፣ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሆነውን እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ መኪናዎቹም በዚህ ምክንያት ማጽዳታቸውን አልተዉም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው መኪና ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ ስፒናውን ብቻ ቀይሮ የሰካው ሰው ሞተሩን ወዲያው ያቃጥላል። ትራንስፎርመር ቢያስፈልግም እስከ 1,400 ዋት ድረስ የሚችል ከባድ መሆን አለበት፤ የራዲዮው አይበቃም። በባትሪ የሚሠራው መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል፤ ለብዙ ጠጕር ግን ጕልበቱ ቶሎ ያልቃል።

በቡሩሹ ላይ ጠጕርና ክር መጠምጠሙ የማይቀር ነው። ስለዚህ ቡሩሹ ያለ ብዙ ድካም የሚወልቅና በመቀስ የሚጸዳ ይሁን፤ ቺንጋውም የሚለወጥ መሆኑን መጠየቅ ነው። በበዓል ቀን ቄጠማ የተጐዘጐዘበትን ወለል በመኪና ለማጽዳት መሞከር አይገባም፤ ቄጠማው በእጅ ይሰብሰብ። ከቡና በኋላ የተበተነ ፈንዲሻ ምንም አያደርገውም፤ ከምድጃ የወደቀ ፍም ግን ከረጢቱን ያቃጥላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ውሻው በደጅ ይበጠር። በሚዶ የወጣ ጠጕር ወደ ሥጋጃው አይደርስም፤ ይህም ሥራ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም።

ስፓንግለር በሁቨር ፋብሪካ ውስጥ መኪናውን ሲያሻሽል ቈየ። በድካም ያሳለፈው ዕድሜ በመጨረሻ ፍሬ ሰጠው፤ ቤተ ሰቡም ከዕዳ ወጣ። ነገር ግን ዕረፍት የሚባል ነገር አላየም ይባላል። በጥር 1915፣ በእኛ በ1907 ዓ.ም.፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕረፍት ወስዶ ሞቃት ወደ ሆነችው ወደ ፍሎሪዳ ለመሄድ ተዘጋጀ። ጕዞው ሊጀመር ባለበት ዋዜማ በ66 ዓመቱ ዐረፈ።

የቈዳ ሥራው በ1919 ተዘጋ። ኒው በርሊንም ከአንድ ዓመት በፊት፣ ከጀርመን ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት ስሟን ለውጣ ኖርዝ ካንተን ተብላ ነበር። በ1926 የሁቨር ኩባንያ በቡሩሹ ላይ የብረት ዘንግ ጨመረበት፤ ዘንጉ እየዞረ ሥጋጃውን ሲያንቀጠቅጠው በሥሩ የተቀበረው አሸዋ ይወጣል፤ አሠራሩ ጥጥ የሚነድፈውን ደጋን ይመስላል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1925፣ የስፓንግለር የፈጠራ መብት ዘመኑ አልቆ ነበር። እስከዚያ ዓመት ድረስ ከሚሸጠው መኪና የሚገኘው ድርሻ ለሚስቱና ለልጆቹ ሲከፈል ቈይቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ፋብሪካ በዚህ መብት ሳይታገድ በመኪናው ሥር የሚዞር ቡሩሽ መግጠም ቻለ።